አልማዝ መፈተሻዋ እስከ ቀዩ በራች፤ ቀለበቱን ልግዛው ወይስ ልተወው?

የኮምቦልቻ ልጅ (ሻርጃ)

ሰላም የቤቱ ሰዎች፣ እንደምን አላችሁ? ስለ ጌጣጌጥ የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ልትገባ ነው። ዕቃዋን እየሸጠች ነው። ቀለበቷን ደግሞ አንቺ ውሰጂው አለችኝ። ወርቁ ውስጡ ላይ 750 የሚል ማኅተም አለው። መሀሉ ላይ አንድ ነጭ ክብ ድንጋይ አለ። «አልማዝ ነው፣ ግማሽ ካራት» ትላለች። ሰርተፍኬት ግን የላትም። ቀለበቱን የሰጣት የቀድሞ እጮኛዋ ነው።

እኔም ኦንላይን ላይ ያቺን እስክሪብቶ የምትመስል ጥቁር ቴስተር በ45 ድርሃም አዘዝኩ። ድንጋዩን ስነካው መብራቶቹ ከአረንጓዴ ተነስተው እስከ ቀዩ ጥግ ድረስ በሩ። ጢጥ ጢጥም አለች። ደስ አለኝ። ወዲያው የራሴን ጉትቻ ስሞክር ግን ግራ ገባኝ። አንዱ ሙሉ በራ፣ አንዱ ጭራሽ አልበራም። ጥንድ ናቸው እኮ፣ ከአንድ ቤት በአንድ ቀን የተገዙ!

የምትጠይቀኝ ገንዘብ ለእኔ ቀላል አይደለም። የእናቴን ቤት ጣራ ለማስቀየር ካስቀመጥኩት ላይ ነው የማወጣው። ቴስተሯን ልመናት ወይስ አልመናት?

ጋሽ አንጥረኛ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ገንዘቡን ገና ካልሰጠሽ ትንሽ ታገሺ። እኔ ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። ያቺ ቴስተር ከጠረጴዛዬ ላይ አትጠፋም። መጥፎ ዕቃ አይደለችም። ችግሩ ሰው የማታውቀውን ነገር ይጠይቃታል።

ቴስተሯ አልማዝን አታውቅም። የምታውቀው ሙቀት ብቻ ነው። ጫፏ ላይ ያለችው ቀጭን የመዳብ መርፌ ስትበራ ትሞቃለች። ድንጋዩን ስትነካ ሙቀቷ ምን ያህል በፍጥነት እንደሄደባት ትለካለች። አልማዝ ሙቀቱን ወዲያው ይወስድባታል። መስታወትና ዚርኮኒያ (አልማዝ የሚመስለው ርካሽ ሰው ሠራሽ ድንጋይ) ግን እምብዛም አይወስዱም። ስለዚህ በደንብ ተይዛ፣ በደንብ ተስተካክላ መብራቱ ካልወጣ፣ ድንጋዩ አልማዝ አይደለም ብለሽ መዝጋት ትችያለሽ። ከወጣ ግን ነገሩ ገና አልተዘጋም።

አሁን ወደ ጉትቻሽ ልምጣ። ወርቅና ብርም ሙቀት በደንብ ያስተላልፋሉ። መርፌዋ ድንጋዩን ስታ የያዘውን የወርቅ ጥፍር ከነካች መብራቱ ይወጣል። ለዚህ ነው ቴስተሯ ጎኗ ላይ የብረት ሰሌዳ ያላት። በአንድ እጅሽ ጣት ያንን ሰሌዳ ትነኪያለሽ። በሌላው እጅሽ ጌጡን ወርቁ ላይ በባዶ ጣት ትይዣለሽ። ያኔ መርፌዋ ወርቅ ከነካች በሰውነትሽ በኩል መስመሩ ይገጥምና ድምፁ ተለውጦ ያስጠነቅቅሻል። ጉትቻውን በሶፍት ይዘሽው ከነበረ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከሞከርሽው ማስጠንቀቂያው አይሠራም። በአንዱ ድንጋዩን፣ በሌላው ጥፍሩን ነክተሽ ይሆናል።

ሌላዋ ጉዳይ የምትሽከረከረዋ ቁልፍ ናት። ከቴስተሯ ጋር የሚመጣ ሠንጠረዥ አለ። የድንጋዩን መጠንና የክፍሉን ሙቀት አይተሽ፣ ገና ምንም ሳትነኪ ስንት መብራት መብራት እንዳለበት ታስተካክያለሽ። ለትንሽ ድንጋይ ከፍ ይደረጋል፣ ለትልቅ ዝቅ። ቁልፏ ከልክ በላይ ከፍ ካለች የማይገባውም ድንጋይ ቀዩ ጋ ይደርሳል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የራሱን ቴስተር አውጥቶ «ይኸው እይው» ሲልሽ ዓይንሽ መጀመሪያ ቁልፏ ላይ ይሁን። ድንጋዩን ሳይነካ ስንት መብራት እንደበራ ተመልከቺ።

ቀለበቱን ከጣትሽ አውልቀሽ ወዲያው አትሞክሪው፤ ሞቋል። ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ደጋግመሽ ስትነኪውም ድንጋዩ ይሞቃልና በመሀል ጊዜ ስጪው፤ በተለይ ትንሽ ከሆነ። ኤሲው ወይም ፋኑ በቀጥታ እየነፈሰበት አይሁን። የድንጋዩን ፊት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፤ ቅባትና ሳሙና ንባቡን ያበላሻል። መርፌዋን ቀጥ አድርገሽ አሳርፊያት እንጂ አትጫኛት።

እንዲህ አድርገሽ ሁለቱንም ድገሚና ንገሪን።

ሳሚ (መርካቶ)

ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? እህቴ፣ ድንጋዩ ላይ እፍ በዪበት። ጉሙ ወዲያው ከጠፋ አልማዝ ነው። ካላመንሽ መስታወት ላይ ጫሪው። ከጫረ አለቀ።

ጋሽ አንጥረኛ (አዲስ አበባ)

ሳሚ፣ መስታወቱን ተው ልጄ። መስታወት የድንጋይ ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ 5.5 አካባቢ ነው። ኳርትዝ 7 ነው፣ ይጭረዋል። ዚርኮኒያ ከ8 በላይ ነው፣ ይጭረዋል። ሁሉም ከጫረው ምን ለየህ? ደግሞ አልማዝ ጠንካራ ነው ማለት አይሰበርም ማለት አይደለም። ጠርዙ ላይ የተመታ አልማዝ ሲሰነጠቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የሰው ንብረት ነው፣ ገና አልገዛችውም።

ትንፋሹ ደግሞ ቴስተሯ ከምትሠራው ሥራ የተለየ አይደለም። ጉሙን የሚያጠፋውም ያው ሙቀት የማስተላለፍ ጠባይ ነው። ስለዚህ ቴስተሯን የሚያታልል ድንጋይ ትንፋሽህንም ያታልላል።

የድንጋይ ተማሪ (ጎንደር)

ጋሼ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ላይ ትንሽ ልጨምርበት። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ንጹሕ አልማዝ ሙቀት በማስተላለፍ ከመዳብ እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ዚርኮኒያ ደግሞ ከመዳብ ከ100 እጥፍ በላይ ያንሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ሰፊ ስለሆነ የ45 ድርሃም ዕቃ እንኳ ይለያቸዋል። ሩቢና ሰንፔርም ቢሆኑ ከአልማዝ በጣም ይርቃሉ።

ችግሩ ሞይሳናይት ነው። አልማዝ የሚመስል ሌላ ድንጋይ ነው፤ በኬሚስትሪው ሲሊከን ካርባይድ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ሞይሳን እ.ኤ.አ. በ1893 አሪዞና ውስጥ ካኒየን ዲያብሎ ከተባለው ቦታ በተገኘ የሰማይ ድንጋይ ውስጥ አገኘው። መጀመሪያ ላይ አልማዝ መስሎት ነበር። ሌላ ነገር መሆኑ የታወቀው በ1904 ነው። እንግዲህ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው መጀመሪያ ላይ አልማዝ ከመሰለው፣ እኛ ብንደናገር አይግረመን። በተፈጥሮ ብዙም ስለማይገኝ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። ለጌጥ መሸጥ የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ወደ አልማዝ ይጠጋል። እነዚህ ርካሽ ቴስተሮች የተሠሩት ዚርኮኒያን ለመለየት ነው። ዚርኮኒያ በ1970ዎቹ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ያስፈለጉ ዕቃዎች ናቸው። ሞይሳናይት ሲነኩ ልክ እንደ አልማዝ እስከ ቀዩ ይበራሉ። እህቴ፣ ቴስተርሽ አልተበላሸችም፣ አልዋሸችሽምም። «አልማዝ ወይም ሞይሳናይት» ነው ያለችሽ።

መለያው ኤሌክትሪክ ነው። አብዛኛው ሞይሳናይት ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አብዛኛው አልማዝ አያስተላልፍም። ሙቀትንም ኤሌክትሪክንም የሚለኩ ባለሁለት ቴስተሮች አሉ። ከአንቺዋ ይወደዳሉ። ሆኖም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እጅግ በጥቂቱ የሆነ ሞይሳናይትም አለ፤ ደካማውን ባለሁለት ቴስተር ሾልኮ ያልፋል።

ኪስ የማይጎዳው መንገድ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ ማለትም ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ነው። ሞይሳናይት ብርሃኑን ለሁለት ይከፍላል፣ አልማዝ አይከፍልም። ድንጋዩን ቀጥ አድርገሽ ከላይ አትዪው። ሞይሳናይት ሲቆረጥ ከላይ ሲያዩት ክፍፍሉ እንዳይታይ ተደርጎ ነው። ወደ ጎን ዘንበል አድርጊውና በጎኑ ገጽ በኩል አሻግረሽ የታችኛውን ክፍል ጠርዞች ተመልከቺ። እያንዳንዱ መስመር እንደ ባቡር ሐዲድ ጥንድ ሆኖ ከታየሽ አልማዝ አይደለም። አንድ ቀጭን ጥርት ያለ መስመር ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ቤቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ እዚህ አሜሪካ ጌጣጌጥ ከሚገዛና ከሚሸጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ወንድማችን በደንብ አስረድቷል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ አሁን ሰው በብዛት የሚጎዳውም በዚያ ነው። የላብ አልማዝ፣ ማለትም ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ አልማዝ።

የላብ አልማዝ አልማዝ ነው። ካርቦን ነው፣ ጥንካሬውም ያው፣ ሙቀት የማስተላለፍ ባሕርይውም ያው። እዚህ አገር የንግድ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2018 የጌጣጌጥ መመሪያውን ሲያሻሽል ከአልማዝ ፍቺ ውስጥ «የተፈጥሮ» የሚለውን ቃል አውጥቶታል። ስለዚህ የ45 ድርሃም ቴስተርም ሆነ የ300 ዶላር ባለሁለት ቴስተር «አልማዝ» ሲሉ ልክ ናቸው። ዋጋው ላይ ግን የሰማይና የምድር ልዩነት አለ። በዚያው በ2018 ትልቁ የአልማዝ ኩባንያ ዴ ቢርስ የላብ አልማዙን በካራት 800 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ሰው ሁሉ ረከሰ ብሎ ተገርሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋው ይበልጥ ወርዷል። ሰዎች በተፈጥሮ አልማዝ ዋጋ ገዝተውት መልሰው ሊሸጡ ሲመጡ የምንሰጣቸውን ዋጋ ሰምተው ፊታቸው ሲለወጥ ማየት በጣም ያሳዝናል።

አንዳንዱ ደግሞ በአልትራቫዮሌት መብራት እፈትሻለሁ ይላል። ሰማያዊ ካበራ የተፈጥሮ ነው ብሎ። ከተፈጥሮ አልማዝ እንዲህ የሚያበራው ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። ስላላበራ የላብ ነው አይባልም።

የተፈጥሮ ነው የላብ ነው የሚለውን በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ላብራቶሪ ነው። ድንጋዩ ሰርተፍኬት ካለው ብዙ ጊዜ ወገቡ ላይ፣ ማለትም የላይኛውና የታችኛው ክፍል የሚገናኙበት ቀጭን ቀበቶ ላይ፣ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር አለ። በሉፕ ፈልጊው። ካገኘሽው፣ ሰርተፍኬቱን የሰጠው ላብራቶሪ ጂአይኤ ከሆነ በጂአይኤ፣ አይጂአይ ከሆነ በአይጂአይ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው። ክብደቱና መጠኑ ከቀለበቱ ድንጋይ ጋር መግጠም አለበት።

የኮምቦልቻ ልጅ (ሻርጃ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ እንዳሉኝ አድርጌ ጉትቻዬን ደገምኩት። እውነትም በሶፍት ነበር የያዝኩት! በባዶ ጣት ስይዘውና ድንጋዩን ብቻ ስነካ ሁለቱም አልበሩም። ሆን ብዬ ጥፍሩን ስነካ ደግሞ ያልሰማሁትን ድምፅ አሰማች። ለጉትቻው አላዘንኩም፣ በርካሽ የተገዛ ነው።

ቀለበቱ ግን አሁንም እስከ ቀዩ ይበራል። በማስመሪያ ስለካው ድንጋዩ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሉፕ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ልዋስ ነው። አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ሞይሳናይት ሆኖ ቢገኝ ለልጅቷ እንዴት ነው የምነግራት? ጥሩ ሰው ናት። አውቃ የምታታልለኝ አይመስለኝም።

ጋሽ አንጥረኛ (አዲስ አበባ)

5 ሚሊሜትር ክብ አልማዝ ግማሽ ካራት አካባቢ ይመዝናል፤ ስለዚህ ያለችሽ መጠን ልክ ነው። ሞይሳናይትም በዚያው ስፋት «ግማሽ ካራት» እየተባለ ስለሚሸጥ ግን መጠኑ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ልጅቷን በተመለከተ ልንገርሽ። በሥራዬ ብዙ ሰው የማያውቀውን ድንጋይ ይዞ መጥቶብኛል። አብዛኛው የተሰጠውን አምኖ የኖረ ነው። ስለዚህ ብቻሽን ፈትሸሽ ውጤት ይዘሽባት አትሂጂ። ቀለበቱንም ሉፑንም ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ራሷ ትየው። «አልማዝ አይደለም» ማለትና «አታለልሽኝ» ማለት በጣም ይራራቃሉ። ሁለተኛውን አትናገሪ፣ በፊትሽም አታሳዪ።

ዋጋ ከተነጋገራችሁ ደግሞ ወርቁ አለ። 750 ማለት 18 ካራት ወርቅ ነው፤ በግራም ይመዘናል። ማኅተሙን ግን ወርቅ ቤት አረጋግጡ። ግማሽ ካራት ድንጋይ 0.1 ግራም ብቻ ነው፣ ከሚዛኑ ላይ ብዙ አይቀንስም።

የደላንታ ነጋዴ (ደሴ)

ይቅርታ፣ በመሀል ገባሁ። እኔ ኦፓል ነው የምሸጠው። አንዳንዴ ኤመራልድም ይመጣልኛል፣ ከሻኪሶ። ይህቺ ቴስተር ለእኔ ትጠቅመኛለች? ኦንላይን ላይ «ሁሉንም የከበረ ድንጋይ ትለያለች» ብለው ያስተዋውቋታል።

የድንጋይ ተማሪ (ጎንደር)

ወንድሜ፣ ብርህን አትጣል። ኦፓል ሙቀት እምብዛም የማያስተላልፍ ድንጋይ ነው። እውነተኛውም ብትነካው፣ የፕላስቲኩንም ብትነካው ቴስተሯ ዝም ነው የምትለው። ኤመራልድም ላይ እንደዚያው፤ ከምድር የወጣውና ላብ ውስጥ የተሠራው ለእሷ አንድ ናቸው። የድንጋይ ዓይነቶችን በመርፌ ሰሌዳ የሚያሳዩ ውድ የሙቀት መለኪያዎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የብዙ ድንጋዮች ንባብ ስለሚደራረብባቸው ብቻቸውን አይታመኑም።

የወሎ ኦፓል የራሱ ጠባይ አለው፣ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አብዛኛው ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ሲገባው ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህ በራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ፈሳሽ ውስጥ አስገብቶ የሚፈትሽ ሰው ካጋጠመህ ግን ከንጹሕ ውኃ ሌላ ምንም እንዳታስነካው። ዘይትና ቀለም ከገባው ላይወጣ ይችላል።

የኮምቦልቻ ልጅ (ሻርጃ)

አየነው። አብረን ነው ያየነው፣ ጋሼ እንዳሉኝ።

መጀመሪያ ከላይ ስናየው መስመሮቹ አንድ አንድ ነበሩ። ተስፋ አደረግን። ከዚያ ወንድሜ እንዳለው ወደ ጎን አዘነበልኩትና በጎኑ ገጽ በኩል አሻገርኩ። ታች ያሉት ጠርዞች ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነው ታዩኝ። ምንም አላልኩም፣ ሉፑን ሰጠኋት። ረጅም ሰዓት አየችው። ከዚያ ወደ አንድ ጌጣጌጥ ቤት ሄድን። ሰውዬው ባለሁለት ቴስተሩን ሲያሳርፍበት ሞይሳናይት ነው አለ። 750ው ግን እውነተኛ ወርቅ ነው።

አልቅሳለች። ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ሰውዬው ይመስለኛል። ቀለበቱን ላትሸጠው ወሰነች፣ ለእህቷ ልጅ ልትሰጠው። እኔን ደግሞ አመሰገነችኝ። አገሯ ገብታ በአልማዝ ዋጋ ሸጣው ቢሆን፣ ገዢው ፖሊስ ይጠራባት ነበር አለች። የጣራው ገንዘብም አለ።

ሳሚ፣ በነገራችን ላይ እፍ ብለንበትም ነበር። ጉሙ ወዲያው ነው የጠፋው።

ሳሚ (መርካቶ)

ተቀብያለሁ እህቴ። ለእናትሽ ሰላምታ።

ብርቱካን (ናታንያ)

እኔ ከእስራኤል ነኝ። የእኔ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ባለቤቴ የላብ አልማዝ ቀለበት ገዝቶልኛል፣ የላብ መሆኑን አውቀን ነው የገዛነው፣ የአይጂአይ ሰርተፍኬትም አለው። የእህቴ ልጅ ባለሁለት ቴስተር ይዞ መጣና ሲነካው «ሞይሳናይት» አለ። ደጋግሞ ሞከረ፣ ያው ነው። ተታለናል ማለት ነው?

የድንጋይ ተማሪ (ጎንደር)

እትዬ ብርቱካን፣ አይደንግጡ። ባለሁለት ቴስተሩ ኤሌክትሪክ አለፈ ማለቱ ነው። ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር የገባበት አልማዝ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከተፈጥሮ አልማዝ እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፤ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያለው 45.52 ካራቱ ሰማያዊ የሆፕ አልማዝ አንዱ ነው። ከላብ አልማዝ ግን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የተሠራው፣ ኤችፒኤችቲ የሚባለው፣ ጥቂት ቦሮን ሊኖረው ይችላል። ያኔ ቴስተሩ ሞይሳናይት ይለዋል።

ሰርተፍኬቱ ላይ የአሠራሩ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ከዚያ በሉፕ በጎን በኩል ይዩት። መስመሮቹ አንድ አንድ ከሆኑ ሞይሳናይት አይደለም፣ ቴስተሩ ምንም ቢል።

ቤቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወገቡ ላይ ያለውን የሌዘር ቁጥርም ይፈልጉ። ከሰርተፍኬቱ ጋር ከገጠመ ድንጋዩ የእርስዎ ነው።

ብርቱካን (ናታንያ)

አሁን አየሁት፣ ኤችፒኤችቲ ይላል! ነጭ ወረቀት ላይ ሳስቀምጠውም ትንሽ ሰማያዊ ነገር ይታየኛል። ቁጥሩን በእኔ ዓይን ማንበብ ስላልቻልኩ ልጁ ሉፕ ይዞ ይመጣል። ለእሱም ይህን ገጽ ልኬለታለሁ፣ ቴስተሩን ይዞ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረ ነውና።